እሳቱን ያንድዱት፣ እናቴ

ከላሊበላ፣ ኅዳር ሲጋመስ

ይድረስ ኩልመስክ ላሉት እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን እንዴት እንደ ሰነበቱ ልጅዎ እድላዊት ነግራኛለችና፣ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ መጠየቁ አሳፈረኝ። ይልቅ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀዎት? ላሟስ ወለደች? የባቄላው ማሳ ዘንድሮ ከውርጭ ተረፈ ወይስ እንደ ዓምናው ጠቁሮ ቀረ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ። የእንግዳ ማረፊያ ቤቱም አለ። መንገዱ ሲከፈት እንግዳ ይመጣል፣ ሲዘጋ ይጠፋል፤ እንደሚያውቁት ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ስልክ አልቀበልም ስላሉ ነው። እድላዊት ስልኩን ወደ ጆሮዎ ስታስጠጋው ፊትዎን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞሩ ነግራኛለች። አልተቀየምኩም። እኔም ድምፅዎን ብሰማ የምለው ሁሉ የሚጠፋኝ ይመስለኛል። እሷ ቀስ ብላ ታነብልዎታለች። ሲደክምዎ አቁሚ ይበሏትና በማግስቱ ትቀጥላለች።

ባለፈው ሳምንት ልጅዎ ለቅዳሜ ገበያ መጥታ እኔ ዘንድ አረፈች። ምሳ አቀረብኩላት፤ ስትበላ ዓይኗን ከሰሃኑ አታነሳም። ምን ሆነሻል ብላት፣ “እታለም፣ እማ ቤት እሳት ከነደደ ዓመት ሊሞላው ነው” አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው ዘርዝራ የነገረችኝ። ጎረቤት የሚያመጣልዎትን በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እንደሚጠጡ፣ ክረምቱን በሙሉ ጋቢ ተከናንበው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እንደ ከረሙ፣ ልለኩስ ስትል እጇን እንደሚይዟት። “በእኔ ከሰል ነው ወይ? እሱን ንገሩኝና ከዚያ ለኩሱ” ይላሉ አለችኝ።

ጉርሻዬን ወደ ሰሃኑ መለስኩ።

እናቴ፣ ኩልመስክ በኅዳርና በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። ሙሽራ ሆኜ እርስዎ ቤት በከረምኩበት ጊዜ፣ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስነሳ የእንስራው አፍ ላይ ስስ በረዶ አገኝ ነበር። በጣቴ ስነካው እንደ መስተዋት ይሰበራል። እርስዎ ደግሞ ቀድመውኝ ተነስተው እሳቱን አያይዘው፣ “ነይ ልጄ፣ እጅሽን አሙቂ፣ ውሃው የትም አይሄድ” ይሉኝ ነበር። አሁን ያ ምድጃ ቀዝቅዞ፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የጠየቁትን ልመልስልዎ ነው። ካልጠፋ ነገር ለምን ስለ ጋዝ ታወራለች እንዳይሉኝ፤ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

የእኛ ቤት ወጥ የሚሠራው፣ ዳቦውም የሚጋገረው በጋዝ እንደ ነበር ያውቃሉ። ልጅዎ ሰውአገኝ ያን ሲሊንደር እንዴት ይወደው ነበር! ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ እሳቱ ይሰንፍበታል፤ ያኔ የራሱን ጋቢ አውልቆ እንደ አራስ ይጠቀልለዋል። እንግዶቹ አይተው ይስቁ ነበር። ዓምና ጥቅምት ላይ ጋዙ መወደድ ጀመረ። ጋሸና ላይ ሲሊንደር የምትሸጥልንን ፈትሂያን ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ “ወላሂ በእኔ አትፍረድ፤ የሚያመጡልኝ ሰዎች በየሳምንቱ ነው የሚጨምሩብኝ። ለምን ስላቸው ብርድ ነው ይሉኛል” አለችው። እሱም ሳቀባት። “ጋሸና ደግሞ መቼ ሞቃ ታውቃለች?” አላት። እየሳቀ መጥቶ ነገረኝ።

በዚያው ሰሞን ጓደኛው ኢያቄም፣ አስጎብኚው፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ እኛ ዘንድ አሳደረ። ሽማግሌው ዕድሜውን በሙሉ በበረዶ አገር፣ ጋዝ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ የሠራ ሰው ነበር። ሰውአገኝ የፈትሂያን ነገር እንደ ቀልድ ሲያነሳበት ሽማግሌው አልሳቀም። ኢያቄም እየተረጎመ እንዲህ አስረዳን። ጋዙ ከጉድጓድ ብቻውን አይወጣም፤ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ብርዱ ከልክ ሲያልፍ ያ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ይጋገርና ጉሮሮውን ይደፍነዋል። ማሽኑም ይቆማል፣ ሠራተኛውም ወደ ጉድጓዱ የሚደርስበት መንገድ በበረዶ ይዘጋል። ጋዙ የሚያንሰው እንግዲህ ሰው ሁሉ ማሞቂያውን በሚለኩስበት በዚያው ቀን ነው። የሚሸጠው ሲያንስ የሚፈልገው ይበዛል፤ ዋጋው ይሰቀላል። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ብርድ ያከማቹትን ሁሉ ጨርሶባቸው ሳይተኩ፣ የዚያ ዓመቱ ደግሞ ቀድሞ ገባባቸው። መርከቡም አስቀድሞ አብልጦ ወደሚከፍለው ወደብ ይዞራል። እንደ እኛ ያለ ሩቅ አገር የሚደርሰው የተረፈው ነው፤ እሱም በውድ።

ሰውአገኝም፣ “እንግዲያውስ እኔ የማን ብርድ ነው የሚበርደኝ?” አለ። ሽማግሌው ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰውአገኝ ስለዚያ አገር ማሰብ አልተወም። ወጥ እያማሰለ፣ “ዛሬስ ጉድጓዱ ተከፍቶላቸው ይሆን?” ይለኝ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል እርስዎ ዘንድ ሲመጣ ይህንኑ አወራልዎት። ምን እንዳሉት ሲመለስ ነገረኝ፤ አነጋገርዎን እያስመሰለ። “የሰው አገር ውርጭ የልጄን ምድጃ ያጥፋብኝ? እኔ ሳለሁ!” አሉት አይደል? ነፋስ የጣለውን የጓሮውን አሮጌ ወይራ አስፈልጠው፣ በዚያ ዕድሜዎ ራስዎ ቆመው አፈር አልብሰው፣ ሌት ተቀን ጠብቀው አከሰሉት። ከዚያ በአይሱዙ ላኩልን። ጆንያውን ስንፈታው ጠረኑ ቤቱን ሞላው። የገበያው ከሰል የግራር ወይ የባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ይከስማል፣ ጠረንም የለው። የእርስዎ ሌላ ነው። ሰውአገኝ አንድ ጭብጥ አንስቶ አሸተተና፣ “እማ ቤት የገባሁ መሰለኝ” አለ። የዚያን ቀን ደስታውን ባዩልኝ።

ያን ከሰል እናቴ፣ ለጽዮን በዓል ጨረስነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። እንግዳ በዝቶ ነበርና ለጽዮን ጨረስነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ኢያቄም ከገበያ ገዝቶ ነው ያመጣልን። እሱንም ቢያስጠይቁት እንደዚሁ ነው የሚልዎት።

የገና ዋዜማ ከተማው በምእመን ተጨናንቆ ነበር። በየግቢው፣ በየአጥሩ ሥር ሰው። ከአቡነ ዮሴፍ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ይልጥ ነበር፤ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ሲንቀጠቀጡ ጥርሳቸው ይሰማል። ሰውአገኝ እነዚህን ሰዎች ትኩስ ዳቦ ሳላበላ አላድርም ብሎ ብዙ ሊጥ አቡክቶ ነበር። ሊጡ ግን አልነሳ አለ። እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዳቦ ቤት በምንለው ጠባብ ክፍል ጋዙን ዝቅ አድርጎ ይለኩስና ክፍሉ ይሞቃል፣ ሊጡም ይነሳል። ያኔ ግን የቀረችን ያቺ አንዲት ሲሊንደር ለወጥና ለመጋገሪያው ትቆጠብ ነበር። ስለዚህ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ ክፍሉ አስገባ። መስኮቱን በማዳበሪያ ጠቀጠቀው። “ሊጡ እስኪነሳ ነው፤ በሩን አትክፈቱብኝ፣ ብርድ ይገባበታል” ብሎኝ ገባ። ለቀናት ደህና እንቅልፍ አልተኛም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ ነበረች። እኔ ከፊት ለምእመናኑ ምስር ወጥ እያቀረብኩ ነበር። ዳቦው ደረሰ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ልጠራው ሄድኩ።

በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሙቀቱና ጠረኑ። ለአፍታ ያህል ኩልመስክ፣ እርስዎ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሊጡ ተነስቶ ነበር፣ እናቴ። ከገበቴው አልፎ፣ የሸፈነውን ጨርቅ ገልብጦ፣ በጎን እየተንጠባጠበ ወደ መሬት ወርዶ ነበር። ሰውአገኝ የዱቄት ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ቀልቷል፤ ከብርድ ገብቶ እሳት ዳር የሞቀው ሕፃን ይመስላል። “ኧረ ሊጡ ፈሰሰ!” ነው ያልኩት። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ እጁን ያዝኩት። ሞቆ ነበር። ከእኔ እጅ ይልቅ የእሱ ይሞቅ ነበር፤ ስለዚህ የሞተ አልመሰለኝም።

ኢያቄምና ምእመናኑ ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡት፣ ወደ ሐኪም ወሰዱት። የከሰል ትንፋሽ ነው አሉን። በተዘጋ ቤት ሲጠራቀም ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አይለየውም፣ ሰውየውን በእንቅልፍ ነው የሚወስደው አሉ። “አልተሰቃየም” አሉኝ። ይህንን ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ለእርስዎ እንድነግርዎ። አልተሰቃየም።

ዳቦውን ማን እንደ ጋገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረቤት ይሆናል። እኔ ከሐኪም ቤት ስመለስ ምእመናኑ በግቢው ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ማን እንደሞተ አያውቁም። አንዲት አሮጊት ትኩሱን ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “ይህን ያቦካ እጅ ይባረክ፣ አይንጠፍ” ሲሉ ሰማሁ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ለቀብሩ በመጡ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሳለ፣ እርስዎ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አየሁዎት። ማንደጃውን ጎትተው፣ የቀረውን ከሰል ቆርሰው በጣትዎ እያሹ ወደ አፍንጫዎ ሊያስጠጉ ነበር። ሮጬ ነጠቅኩዎት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ያ አስተያየት ዓመቱን ሙሉ ሲከተለኝ ከርሟል። የነጠቅኩዎት እጅዎ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው። ደግሞም አመድ ነው፤ አመድ ሁሉ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ለምን እርስዎ ዘንድ እንዳልመጣሁ ሊጠይቁ ለፋሲካ ልከውብኝ ነበር፤ ለፍልሰታም ልከውብኛል። አልቻልኩም ነበር፣ እናቴ። ለምን አልቻልሽም ብለው አይጠይቁኝ። አንዳንድ ነገር በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ፣ ትክክል እንዳልሆነ እያወቁት፣ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ወጥቷል። ይህን ብቻ ይመኑኝ። ወጥቷል።

አሁን የምነግርዎትን ለማንም አልነገርኩም፤ አበደች እንዳይሉኝ። ያ ክፍል በሩ አልዘጋ ብሏል። ዘግቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አናጢ ጠርቼ መቀርቀሪያውን አስቀየርኩ፤ ያው ነው። ነፋስ ነው ይላሉ። ነፋስ በር ይገፋል እንጂ መቀርቀሪያ ሲያነሳ አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ መዳፍ ሊጥ ላይ ሲያርፍ እሰማለሁ፤ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ልክ እሱ እንደሚያደርገው፣ ሁለቴ መትቶ ያርፍና እንደገና። እሄዳለሁ። ገበቴው ደርቆ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ላይ እፈራ ነበር፤ ቤቱን ሸጬ ልሂድም ብዬ ነበር። ኋላ በሩን መዝጋት ተውኩ። ክፍት ይሁን ካለ ክፍት ይሁን።

እድላዊት የእርስዎን ነገር በነገረችኝ ዕለት፣ እሷን ሸኝቼ ስመለስ፣ ከዚያ ክፍል ብርድ ወጣና ጉልበቴን ያዘኝ። ውጭው ፀሐይ ነበር። የላሊበላን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ያ የእኛ ሰፈር ብርድ አልነበረም። የእንስራ አፍ የሚያጋግር ብርድ ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ “በርዶሃል እንዴ?” አልኩት፤ አዎ፣ አናገርኩት። ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ ነው የገባኝ፤ የበረደው እሱ አይደለም። በርዷት የተቀመጠች ሌላ ሰው ናት፤ እሱ እዚያ የሚቆመው በእሷ ጭንቅ ነው። በማግስቱ ወረቀት ገዛሁ።

ፈትሂያ ሰሞኑን ጋዙ ረከስ ብሏል ብላ ላከችብኝ። ዘንድሮ ብርዱ ቀለል አለላቸው መሰለኝ፤ ቧንቧው ቀልጦ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይሆናል። አንዳንዴ ስለ እነዚያ ሰዎች አስባለሁ። በዚያ ዓመት በረዶው ደጃቸውን ሲዘጋባቸው ልጆቻቸውን አቅፈው ማሞቂያ ለኮሱ። እኛ ቤት የደረሰውን አያውቁም፤ ቢነግሯቸውም አይገባቸውም። ልፈርድባቸው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። በረዳቸው፣ አነደዱ። ሰው ሲበርደው እሳት ይፈልጋል። ለሚወዱት ሰው እሳት መላክም ኃጢአት የለበትም። ማንም ይላከው፣ በፍቅር የላከው ንጹሕ ነው። እግዚአብሔርም የሚያየው እንደዚያ ነው። ይህን ያልኩት እንዲያው በጠቅላላው ነው።

ሰውአገኝን የወሰደው የተጠቀጠቀ መስኮትና የተዘጋ በር ነው። ሌላ ምንም አይደለም። የእርስዎ ቤት ደግሞ ጣራው የሚተነፍስ ሣር ነው፤ ስንቱን ልጅ ያሳደጉት በዚያ ምድጃ ዙሪያ ነው። እሳቱን ያንድዱት፣ እናቴ። እድላዊት ይህን አንብባ ስትጨርስ ትለኩሰው፤ እጇን አይያዟት። ወጥ ይሥሩ፣ ትኩስ ነገር ይቅመሱ። እግርዎን ወደ እሳቱ ዘርግተው ጉልበትዎን ያሹ።

እኔም ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። አብረን እናስቀድሳለን፤ ከዚያ ጥቂት ቀን እርስዎ ዘንድ ልሰንብት ብዬ አስቤያለሁ፤ ከፈቀዱልኝ። አይሱዙው ጠዋት ከጋሸና ስለሚነሳ ኩልመስክ በቀን እገባለሁ። ከመንገዱ ሆኜ ጣራዎን ስመለከት ጭስ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ስለ እርስዎ ብቻ ብዬ አይምሰልዎ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ፊት ደህና ነኝ እያልኩ ነው የከረምኩት፤ ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎ፦ በርዶኛል።

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደጃፍዎ ሰው አይጣ። እርስዎም በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ ቅር ያሰኘሁዎትን ይቅር ብለው፣ እንደ ድሮው እፍ ብለው ይመርቁኝ፤ ከዚህ ሆኜ አሜን እላለሁ።

የልጅዎ ሚስት፤ ልጅዎ

ለእድላዊት፣ ለብቻሽ፦ ስለ ከሰሉ የጻፍኩትን ስታነቢላቸው ድምፅሽ እንዳይለወጥ። አደራሽን። ጆሯቸው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።